የመስጊዳችን ምንጣፍና የውሃ ልክ
(በመስጊዱ ኮሚቴ የመታሰቢያ ቀን ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ መስጊዱ አሠራር ታሪክ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በቀን አምስት ጊዜ ግንባራችንን ስለምናሳርፍበት ምንጣፍ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ምንጣፉ በእናንተ ገንዘብ የተገዛ አማና ነው፤ በእኔ ስህተትም አንድ ጊዜ ተበላሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ምንጣፉ ቆሽሾ አየሁ። ‹ውሃ በበዛ ቁጥር ንጽሕናው ይበዛል› ብዬ ወጣቶቹን ባልዲ አስያዝኋቸው። የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጠን፣ ምንጣፉን ሳናነሳ ወለሉ ላይ እንዳለ አጠብነው። ቀኑ ሐሙስ ነበርና ለጁምዓ ይደርቃል ብለን ነበር። ዝናቡ ግን ሦስት ቀን አላባራም፤ መብራትም ስለጠፋ ቬንቲሌተሩ አልሠራም። ጁምዓን እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ሰሌን ደርበን ሰገድን። በማግስቱ ሽታው ከበር ይቀበል ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ጫፉን ገልጠን ስናይ ከሥሩ ሻጋታ አብቅሏል፤ ጠርዙም ተኮማትሮ ተነስቶ አንድ ሽማግሌ አደናቀፈ። ከአስር በኋላ ቁርአን የሚቀሩ ሕፃናት ያስሉ ነበር። በመጨረሻ ከፊሉን ምንጣፍ ጠቅልለን ጣልነው። ለዚያ ምንጣፍ ከጉሊት ገቢያቸው ቀንሰው ያዋጡ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ያዘዝሁት እኔ ነኝና ያኔ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ዛሬም እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚውልባቸው ሆቴሎች፣ ባንኮችና የስብሰባ አዳራሾች ምንጣፋቸው እስኪደርቅ ድረስ በራቸውን ዘግተው መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ በአነስተኛ ውሃ የሚያጸዱበት ዘዴ አላቸው። የእኛ ቤት ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ የሚሞላ፣ አንድም ወቅት የማይዘጋ ነው። ከሆቴል ይልቅ ይህ ዘዴ ለእኛ የሚያስፈልግ መሆኑን ተረዳሁ።

የዘዴው መጀመሪያ ውሃ አይደለም። ምንጣፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አቧራና አሸዋ ነው። አሸዋ ስለት አለው፤ በረገጥነው ቁጥር የምንጣፉን ክር ይቆርጣል። ውሃ ሲፈስበት ደግሞ አቧራው ጭቃ ሆኖ ወደ ሥር ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በደረቁ ማውጣት ይገባል። አቧራን በአየር የሚስበውን ማሽን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየሱቁ ይገኛል። ማሽኑ በዝግታ፣ በአንድ ቦታ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም በአግድም መሄድ አለበት። የሚሮጥ ሰው የላይኛውን ብቻ ነው የሚያነሳው።

ሁለተኛው ደረጃ ልዩ ፈሳሽ ነው። በመርጫ እንደ ጤዛ ብቻ ይረጫል፤ በብሩሽ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይታሻል፤ ከዚያ ይተዋል። ፈሳሹ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ሲደርቅ ቆሻሻውን አቅፎ እንደ ደቃቅ ጨው ይሰባበራል፤ ማሽኑም ይስበዋል። የልብስ ሳሙና ግን በደንብ ካልተለቀለቀ የሚያጣብቅ ቅሪት ትቶ አዲስ አቧራ ይጠራል። እኛ ያጠብነው ምንጣፍ ወዲያው የቆሸሸው ለዚህ ነው። ልዩው ፈሳሽ ካልተገኘ በጣም በቀጠነ የሳሙና ውሃ ተነክሮ አጥብቆ በተጨመቀ ፎጣ መጥረግ፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ሌላ ፎጣ መድገም ይቻላል። ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ መሞከር ነው። መርጫውም አዲስ ይሁን፤ የተባይ መድኃኒት የነካ መርጫ ግንባር ወደሚያርፍበት ቦታ አይቅረብ።

እንግዲህ አንዳንድ አባቶች ‹ታዲያ ጦሃራውስ?› ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነበር። አቧራና የላብ ቅባት ቆሻሻ ናቸው እንጂ ነጃሳ አይደሉም። ነጃሳ ሲወድቅ ዱቄትም ልዩ ፈሳሽም አይበቃም፤ ውሃ ግዴታ ነው። ነገር ግን አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ምን እንደተደረገ አስታውሱ። ነቢዩ ሰዎች ሰውየውን እንዳያመናጭቁ ከለከሉ፤ ከዚያም በሸናበት ቦታ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስ አዘዙ። መስጊዱ በሙሉ ይታጠብ አላሉም። የመስጊዳቸውም ወለል አፈር ነበር፤ አፈር ውሃውን ይውጣል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። የእኛ ምንጣፍ ግን ከሥሩ ሙጫና ስሚንቶ ነው፤ ውሃውን አቅፎ ይይዛል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። ስለዚህ ሕፃን ቢሸና መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ እንምጠጥ፤ በቦታው ላይ ንጹሕ ውሃ እናፍስስ፤ ውሃውን በፎጣ እየረገጥን እናውጣ፤ ጠርዙን አንስተን ከሥሩ አየር እናስገባ። እናትየዋንም አናሳፍር።

ነቢያችን በአንድ ሙድ ውሃ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰውም በሽታው ሰውንና መላእክትን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ ነግረውናል። ያን እያወቅን እኛ ራሳችን በበዛ ውሃ መስጊዱን ማሸተታችን ያሳፍራል።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። ጋምቤላ ሞቃት ናት፤ ዝናቧ ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት አየሩን ያረጥባል። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን ድሮ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነበር የሚደርሰው። ነጋዴው ወቅቱን ጠብቆ ይዘጋጅ ነበር። የምንጣፍ እጥበት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በጋን ይጠብቃል። በአነስተኛ ውሃ ማጽዳት እስከ ሥር ስለማይደርስ በዓመት አንድ ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ምንጣፉ ተነስቶ፣ ውጭ ታጥቦ፣ በሁለቱም ወገን በፀሐይ ይድረቅ። በመካና በመዲና ሐረሞችም ምንጣፉ ወደ ማጠቢያ ቦታ ተወስዶ ታጥቦና ደርቆ ነው የሚመለሰው። ጎርፍ የገባበት ምንጣፍ ግን በርጭት አይድንም፤ ወዲያው ይነሳ።

ሌላው የእኛ ጉድለት እግር ነው። ጫማችንን እናወልቃለን፤ ነገር ግን ውዱእ አድርገን በእርጥብ እግር አቧራ ረግጠን እንገባለን። ከውዱእ ቦታው እስከ በሩ ያለው መንገድ ስሚንቶ ቢሆን፣ በሩ ላይም እግር ማድረቂያ ምንጣፍ ቢነጠፍ፣ ከሥራው ግማሹ ሳይጀመር ያልቃል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ይህ ነው። አንደኛ፣ አዲስ ምንጣፍ ከመግዛታችን በፊት አንድ ጠንካራ የአቧራ መሳቢያ ማሽን እንግዛ። ሁለተኛ፣ ዘወትር ሐሙስ ከኢሻ በኋላ በደረቁ ይጠረግ። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ የአንድ ሦስተኛው ሶፍ ምንጣፍ በአነስተኛ ውሃ ይጽዳ፤ ከኢሻ እስከ ሱብሒ ያለው ሌሊት ለማድረቅ ይበቃል። በዚህ ዓይነት በሦስት ወር መላው መስጊድ ይዳረሳል፤ አንድም ሶላት አይታጎልም። አራተኛ፣ ሥራው በተራ ይሁን፤ ለአንድ ሽማግሌ ኻዲም ብቻ አይተው። ሆቴልና ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችም ይህንኑ በቤታችሁ ሞክሩት፤ ትጠቀሙበታላችሁ።

መስጊድ መጥረግ የዝቅተኛ ሰው ሥራ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ልንገረውና ላብቃ። የነቢዩን መስጊድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ሞተች። ሰዎቹ ነገሯን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ ባጧት ጊዜ ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሷቸው፤ ወደ መቃብሯም ሄደው ሰገዱላት። እኛም መጥረጊያውን የሚይዘውን ሰው ስሙን እንወቅ፤ በሕይወት ሳለም እናመስግነው።

አላህ ያዋጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።