የእግር ጣት ሕመምና የጻፍነው ቅጣት
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ነን እንጂ ሐኪም አይደለንም። ዛሬ ስለ ሕመም ለመናገር የተነሣነው በገዛ እጃችን የጻፍነው አንድ ቅጣት ስለከነከነን ነው።

ካቻምና አንድ አባላችን ከቀብር ቀረ። «የእግሬ አውራ ጣት አብጦ መቆም አቃተኝ» ብሎ ላከብን። በአሥረኛው ቀን መተማ ዮሐንስ ገበያ ሲራመድ ታየና «ዋሽቶናል» ተባለ፤ ቀጣነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ ተዝካር በልተን በገባንበት ሌሊት፣ የኛው ጣት ተነሣ። ነጠላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸን ነበር። ያን ጊዜ ገባን።

ሕመሙ ሪህ ነው። ጎንደር ያየን ሐኪም እንዳስረዳን እንናገር። በሰውም በከብትም በተክልም ሕዋስ ውስጥ ፑሪን የሚባል ነገር አለ። ያረጀ ሕዋስ ሲፈርስ፣ ሥጋም ስንበላ፣ ፑሪኑ ተሰባብሮ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። አብዛኞቹ እንስሳት ይህን የሚያፈርሱበት አላቸው፤ ሰው ግን የለውም፤ የሚያወጣው ይበልጡን በሽንት ነው። በ1 ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ መሟሟት ያቅተውና እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ፍሬ ሆኖ መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ቀዝቀዝ የሚለውን የእግር ጣት ይወዳል። ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድ መስሎት ይውጠዋል፤ ይኼኔ ኢንተርሉኪን 1 የሚባል መልእክተኛ ይልክና ሌሎቹ ይጎርፋሉ። እብጠቱም ትኩሳቱም ይኸው ነው። ፍሬው ይህን ጥሪ እንዴት እንደሚቀሰቅስ ሊቃውንት የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

የሚገርመው፣ የሚያበርደውም ከዚያው ከፑሪን ወገን መገኘቱ ነው። ሕዋስ ሲጎዳ ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ስንቁ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ልክ እንደ እድራችን ጡሩንባ «ድረሱ» ይላል። ያው ኤቲፒ ተሰባብሮ አዴኖሲን ሲሆን ደግሞ «በቃ፣ ተበተኑ» የሚል ነው። የቡናው ካፌይንም ፑሪን ነው፤ የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይዞ እንቅልፍ ይነሣናል። ዩሪክ አሲድ ግን አይሆንም፤ እንዲያውም ቡና ጠጪ ላይ ሪህ እንደሚያንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ጀበናውን ማንም አይንካብን!

የሚከፋው ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ ከሁሉም ቢራ ነው። ቢራ ፑሪን አለው፤ አልኮሉም ዩሪክ አሲዱ በሽንት እንዳይወጣ ይከለክላል። ምስርና ሽሮ ፑሪን ቢኖራቸውም እንደ ሥጋ አያስነሡም። የኛ ቆላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ውሎ ያላበ ሰው ውሃ ካልጠጣ ሽንቱ ያንሳል፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል።

መድኃኒትም አለ። ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ከገርትሩድ ኤሊየንና ከጆርጅ ሂቺንግስ ሥራ የተገኘ ነው። ሐኪም አዝዞ በየቀኑ የሚወሰድ እንጂ ሲያመን ብቻ የምንውጠው ማስታገሻ አይደለም።

ሪህ ሳይታከምም እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይተዋል፤ ኋላ ተመልሶ ይመጣል እንጂ። እንግዲህ ያ ወንድማችን በአሥረኛው ቀን ቢራመድ ምኑ ያስደንቃል? ቅጣቱ ተሠርዞ ገንዘቡ ይመለስለት፤ ወደፊትም የሐኪም ወረቀት ያመጣ አይቀጣ፤ በድንኳናችን የውሃው ጀሪካን አይጉደል። መዝገቡን ይዘን መጥተናል፤ ከፈቀዳችሁልን እዚሁ እንሠርዘዋለን።