ሕዝብ፣ ሰፈርና መሣሪያ በቸሃ
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



የሮማን ታሪክ የተማርን ሁላችን መንገዷንና የውሃ ቦይዋን እናደንቃለን። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የከተማዪቱ ሕዝብ 1 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበረ ይገመታል፤ ቀለቡም ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ የሚመጣ ስንዴ ነበር። በእምድብር ዙሪያ ያለው የቸሃ ሕዝብ ግን በጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግቶ የኖረው ከጓሮው በሚያገኘው እንሰት ነው። ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ዓመት እንደሚቀልብ ተገምቷል።

ሰፈሩም የተቀየሰው በዚሁ መሠረት ነው። ከፊት ሰፊው ጀፎረ አለ፤ ሣር የለበሰ፣ ለቅሶ የሚወጣበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበት በአገር ደንብ የተጠበቀ መንገድ ነው። ቀጥሎ ቤቱ፤ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ። እንሰት ፍግ ይወዳልና ከብቱ ከቤቱ፣ ቤቱም ከእንሰቱ አይርቅም። እንግዲህ ጥበብ ከሮማ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረናል። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ በውሃ የሚዞር ወፍጮን ከ2000 ዓመት በፊት በመጽሐፉ ገልጾታል። ሆኖም በብዙ ስፍራ ድንጋዩን ሲያዞሩ የኖሩት ባሮችና አህዮች ናቸው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የሰው ጉልበት በርካሽ ከተገኘ መሣሪያ የሚሻ አይኖርም ይላሉ።

በእኛስ ዘንድ? እንሰቱን የሚተክለውና እያነሣ የሚያዛውረው ወንድ ነው፤ የሚፍቀው ግን ሴት ናት። እናቶቻችን በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቃሉ፤ ሥሩን ይከሰክሳሉ፤ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላላሉ። ወጣቱ በመሬት ጥበት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሥራው ይበልጥ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። የመፋቂያ መኪናዎች በየምርምር ተቋሙና በየዩኒቨርሲቲው ተሠርተዋል፤ ወደ ብዙው ጓሮ ግን አልደረሱም።

እኛ ወንዶች ተማሪዎችም በመስቀል አገራችን ገብተን ክትፎውን በቆጮ እየበላን ስለ ሮማ ባሮች እናዝናለን። መፋቂያውን ግን በእጃችን ይዘነው አናውቅም፤ ልማድ ይከለክላል እንላለን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ልማዱ ስለ ተመቸን ነው።

ስለዚህ ይህን እናሳስባለን። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ከእናታችን ጎን እንቀመጥ። አንድ እንሰት ለመፋቅ ስንት ሰዓትና ስንት ሰው እንደሚፈጅ፣ የትኛው ሥራ ወገብ እንደሚያጎብጥ እርሷን ጠይቀን እንጻፍ። መፋቂያውንም ተቀብለን እንሞክር። ያን ጽሑፍ ለምሕንድስና ተማሪዎች ጓዶቻችን እንሰጣለን፤ መሣሪያው የሚሠራው የሚጠቀምበት ሰው ከተጠየቀ በኋላ ነውና።

አመሰግናለሁ ከማለት ይልቅ፣ ከመስቀል በኋላ ደብተራችንን ይዘን እንገናኝ እንላለን።