የጡረተኛው የጤና መድን መዋጮና የግብር ቅነሳ ጥያቄ

(ለማኅበሩ አባላት በእንጦጦ የቀረበ ንግግር)



ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት ለወጣት መዝናኛ፣ ለአዛውንት ግን ፈተና ነው። በዚህ ተራራ የሚኖር ጡረተኛ ጤናው ሲታወክ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል፣ ሌላው ቁልቁል ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይወስደዋል። በሁለተኛው መንገድ መጨረሻ የሚጠብቀው የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በየጊዜው ከሚሰነዘሩት መልሶች አንዱ፣ ጡረተኛው ለጤና መድን የሚያዋጣው ገንዘብ ከግብር ይቀነስለት የሚል ነው። አሠራሩ በውጭ አገር የታወቀ ነው። በአሜሪካ ጡረታ ራሱ በአብዛኛው ግብር ስለሚከፈልበት፣ ወጪውን በዝርዝር የሚያስታውቅ ጡረተኛ የመድን ክፍያውን ጨምሮ ከገቢው 7.5 በመቶ በላይ የሆነውን የሕክምና ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀንሳል። በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጡረተኞች ይህ ተጨባጭ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የጡረታ አበል የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ ግብር በሌለበትም የሚቀነስ ነገር የለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም.፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 271 ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ወጥተዋል። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣሉ፤ የጡረተኛው ድርሻ ከአበሉ 1 በመቶ ሲሆን መንግሥት ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። ለአብነት 4,000 ብር አበል ያለው ሰው 40 ብር ያዋጣል። የግብር ቅነሳ ቢፈቀድለት የሚተርፈው ባዶ ነው። 9,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ግን 270 ብር ያዋጣል፤ ይኸው ቢቀነስለትና የሚደርስበት የግብር እርከን 25 በመቶ ቢሆን በየወሩ 67.50 ብር ይተርፈዋል። ስለዚህ ቅነሳው የሚጠቅመው ገና በሥራ ላይ ያለውን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለውን ትክክለኛ ወጪ ከግብር ነፃ አድርጎታል። መሐንዲሱ በሥራ ላይ ሳለ ይህን ጥቅም ብዙም አያስተውለውም። ስድሳ ዓመት ሞልቶት የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ሲመልስ ግን፣ ሕመም በሚበዛበት ዕድሜ፣ ጥቅሙም አብሮ ይቀራል።

እንግዲህ መፍትሔው በሁለት ወገን መፈለግ አለበት። አንደኛ፣ ደንቡ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም የቆየው የ1 በመቶ ድጋፍ ለጡረተኛው በእርግጥ መድረሱ ነው፤ ለእርሱ ከማናቸውም ቅነሳ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የግብር ቅነሳው በሥራ ዘመን ለሚከፈል መዋጮ እንዲፈቀድና መዋጮውም ለጡረታ ዘመን ሕክምና ጭምር እንዲጠራቀም ማኅበሩ ሐሳብ ማቅረቡ ነው።

ድልድይ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ወንዙ ከሞላ በኋላ የሚጣል መሠረት የለም።