ጓሳን ያቆየው ማጭድ

የመንዝ ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ውርጫማ አምባ ነው፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ አብረው ይኖራሉ። በአገሪቱ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

እንስሳቱ እስከ ዛሬ የቆዩት ቦታው ከሰው እጅ ስለራቀ አይደለም። እንዲያውም ሰው አጥብቆ ስለሚፈልገው ነው። የጓሳ ሣር ለመንዝ ገበሬ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ነው። ስለዚህም በቀሮ ሥርዓት የአቅኚ አባቶች ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ቦታውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ቀኑ ሲደርስ ይከፈት፣ ሣሩ ይታጨድ፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። በልኩ የታጨደ ጓሳ ከጉጡ ያቆጠቁጣል፤ በሥሩ የሜዳ አይጦች ይራባሉ፤ ቀይ ቀበሮም የሚያድረው እነሱን አድኖ ነው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥሪት ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ። የአካባቢው ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ያዘ፣ በኋላም ክልሉ ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀለት። በእንግዳ ማረፊያው የሚያድር ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብም ለዚሁ ማኅበረሰብ ይገባል።

ሌላው የገቢ በር ሱፍ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ ሸማኔው ባና ወይም ምንጣፍ አድርጎ ይሠራዋል። አንድ ባና ከመሸጡ በፊት የብዙ ሰው እጅ ያልፍበታል፤ ገዢ ዋጋ ሲከራከር ይህን ልፋት እምብዛም አያየውም። ልፋቱ ተገቢ ዋጋ ካገኘ ቤተሰቡ ቁልቁለቱን ሳያርስ ኑሮውን ይደጉማል። ሱፉ በጥሬው ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ግን ገቢ ለመጨመር ያለው መንገድ በግ ማብዛት ነው፤ የበዛው በግ ደግሞ ግጦሽ ፍለጋ ጓሳ ይገባል። ጥሩ የተፈተለ፣ ቀለሙ የማይለቅ፣ ከከተማ ገበያ በቀጥታ የሚደርስ ባና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሽመናና በንግድ ሥራ የሚመረቁ ወጣቶች ሙያቸው ከቀይ ቀበሮው ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው።

የእንስሳት ጤና ምሩቃን ድርሻ ደግሞ ከሁሉም የቀረበ ነው። ቀይ ቀበሮን በአንድ ጊዜ በብዛት የሚጨርሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። መከላከያው ውሾችን ማስከተብ ነው። ክትባቱ ደግሞ የሚሠራው አብዛኛው ውሻ ሲከተብ ነውና አንድ ባለሙያ ብቻውን አይወጣውም፤ ቀበሌው ቀን ቆርጦ፣ እረኛው ውሻውን በገመድ አስሮ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያከናውነው የጋራ ሥራ ነው። ያው ክትባት የእረኛውን ልጅም ከበሽታው ይጠብቀዋል።