በሬ ከመሸጥ በፊት ገበያ መምረጥ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ አንድ አባል ካቀረቡት ንግግር)



መስከረም ሲጠባ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ሰንጋ የማይፈለግበት ሰፈር የለም። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር ቅርጫው የበዓሉ ወግ ነው። ስለዚህ አድላቢ ከመስቀል ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ማድለብ ቢያንስ 3 ወር ስለሚፈጅ በሬውን ቢዘገይ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይግዛ።

እኔ አንድ ዓመት «ዋጋ ይጨምራል» ብዬ እስከ ዋዜማው አቆየሁ። ገበያው በከብት ሞላ፣ በዓሉም አለፈ፤ በሬው የበላው ፉርሽካ ትርፌን በላው።

ደላላ ከደጃችን ሲገዛ በዓይኑ ይገምታል። እኛ ግን አስቀድመን የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክተን ክብደቱን እንወቅ። የአዲስ አበባ ቄራ ዋጋ ያጓጓል፤ ሆኖም 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ኪራይ ይጠይቃል፣ በሬውም በጉዞ ክብደት ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ገዢው ይሳሳል። አንድ በሬ ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ተሰባስበን አንድ አይሱዙ ብንሞላ ግን ወጪውን እንካፈላለን። የኅብረት ሥራ ትርጉሙም ይኸው ነው።

የወረዳ ኃላፊዎቻችንም በየገበያው የከብት ሚዛን እንዲቆም ያግዙን። ሚዛን ባለበት ገበያ ገበሬም ነጋዴም አይጣላም።