ስለ «አዳፕት» እና ስለ ዘመዶቹ
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



እንግሊዝኛን ወደ አማርኛ ስንመልስ አንድ ልማድ አለን። «አዳፕት»፣ «አጀስት»፣ «አክላይማታይዝ»፣ «ኮንፎርም»፣ «አኮሞዴት» የሚሉት ቃላት ሲያጋጥሙን ሁሉንም «ተላመደ» ብለን እናልፋቸዋለን። ሆኖም እነዚህ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የሚለያያቸውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ለውጥ በመጣ ጊዜ የሚለወጠው ማን ነው? ምን ያህልስ ይለወጣል? ምሳሌዎቻችንን ሁላችንም ከምናውቀው ከለገሃርና ከአካባቢው እንወስዳለን።

በመጀመሪያ «አክላይማታይዝ» የሚለው ከአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። በቀድሞው ባቡር ከጅቡቲ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ለገሃር ሲወርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይቆም ነበር። ጥቂት ቀን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ባለቤቱን ሳያማክር ይለምደዋል። ይህ «መልመድ» ነው፤ የሚፈልገውም ጊዜን ብቻ ነው።

ሁለተኛው «አጀስት» ነው፤ አማርኛው «ማስተካከል»። ሦስተኛው «አዳፕት»፣ ገጣሚ ወይም ተስማሚ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «አፕቱስ» የመጣ ስለ ሆነ፣ «ማስማማት» ብንለው ይሻላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሐዲዱ ያስረዳናል። በድሮው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የነበረው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ግን 1.435 ሜትር ነው። የድሮውን ፉርጎ ፍሬን ማጥበቅ «አጀስት» ማድረግ ነው። በአዲሱ ሐዲድ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ግን ብሎን በማዞር አይሆንም፤ መንኰራኵሩን ከነዘንጉ መለወጥ ያሻል። ይህ «አዳፕት» ማድረግ ነው።

«አዳፕት» ከ«አዶፕት» ጋርም መምታታት የለበትም። «አዶፕት» እንዳለ መርጦ መቀበል ነው። ቃላት ራሳቸው ይህን ያሳዩናል። «ቢሮ» ከፈረንሳይኛ ብዙም ሳይለወጥ የተቀበልነው ነው። «ለገሃር» ግን ተስማምቶ የገባ ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አብሮ የመጣው የፈረንሳይኛ ስም «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው» ነበር። የአገራችን ሰው ሁለቱን ቃላት አንድ አደረጋቸው፣ መካከሉ ላይ «ሃ» ጨመረበት፤ ከለገዳዲና ከለገጣፎ ጋር ሲጠራም እንደ እኅታቸው እስኪመስል ድረስ አገርኛ ሆነ። ዛሬ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያው ባቡር ጣቢያ» ማለታችን መሆኑን ማን ያስታውሳል? ካዛንቺስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ»፣ እንዲሁ የተበጀ ነው።

የአገባቡንም ነገር ባጭሩ እናንሣ። ሰው ለአዲስ ኑሮ ራሱን ሲያስማማ «አዳፕት ቱ» ይባላል፤ ዕቃ ለአዲስ አገልግሎት ሲበጅ «አዳፕት ፎር»፤ ሥራ ከሌላ ሥራ ሲወሰድ «አዳፕትድ ፍሮም»። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው የጻፉት የአማርኛ ቴአትር ለመጨረሻው ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቀሩት ሁለቱ ቃላት «ኮንፎርም» እና «አኮሞዴት» ናቸው። «ኮንፎርም» የሌላውን መልክ መያዝ፣ «መምሰል» ነው፤ አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ያሉት ወደዚህ ይጠጋል። «አኮሞዴት» ግን ምቹ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ኮሞዱስ» የወጣ ነው፤ የእኛው «ማመቻቸት» ከሥሩ ጀምሮ ይገጥመዋል። እዚህ ላይ የሚለወጠው እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው፤ ቦታ የሚለቅ፣ ወንበር የሚስብ እርሱ ነው።

ይህ ልዩነት የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙ ቤተ ሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ስለ እንዲህ ያለው ነገር ሲወራ በየቦታው የምንሰማው ቃል «ይለመዳል» የሚል ነው። መንገደኛው ደጋውን እንደሚለምደው ሁሉ፣ ጊዜ ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ ይመስላል። ነገር ግን እናት ገበያዋን፣ ተማሪው ትምህርት ቤቱን፣ ሠራተኛው መንገዱን፣ ጎረቤት ዕድሩን እንደ ገና ማበጀት አለበት፤ ይህ «አዳፕት» ነው፣ ድካምም ዋጋም አለው። አውቶቡሱን፣ ትምህርት ቤቱንና የገበያ ቦታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ደግሞ የከተማው ፈንታ ነው፤ ይህም «አኮሞዴት» ነው። ሁለቱን በአንድ «ይለመዳል» ከሸፈንናቸው፣ የአንደኛው ወገን ግዴታ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይጠፋል፤ ሸክሙም ሁሉ በተነሣው ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ይህን ነው። በድርሰትም ሆነ በትርጉም ሥራ «መልመድ»፣ «ማስተካከል»፣ «ማስማማት»፣ «መምሰል»፣ «ማመቻቸት» የሚሉትን እያንዳንዳቸውን በየቦታቸው እናውላቸው። አማርኛችን አምስቱንም ቃላት አሟልቶ ይዟል። «ይለመዳል» ከማለታችንም በፊት ለማዱ ማን እንደ ሆነ፣ አመቻቹስ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።