ለሳንጃ ማሳያ ክፍል ምን እንምረጥ?



ለሳንጃ የባህል ዕቃ እናሰባስብ ከተባለ ወዲህ የማስበው ስለ ጣና ደሴቶች ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባበት ገዳም ነው፤ የዐፄ ፋሲልንና የሌሎች ነገሥታትን አስከሬን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የሣላትን የእመቤታችንን ሥዕልም ይዟል። ውሃው አጥሩ ስለሆነ ውድ ነገር ይሸሸግበታል። ደቅ ግን ገበሬ ከነቤተሰቡ የሚኖርባት ደሴት ናት፤ እዚያ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ሴቲቱ ራሳቸው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

እኛስ? የአርማጭሆ ሰው ነንና ጋሻና ጠመንጃ አይቀርም፤ ይሁን። ግን ሳንጃን ያቆማት ሰሊጥም አይደል? ከደጋ ወርዶ በበረሃ ፀሐይ ያጨደው የቀን ሠራተኛ ማጭድ ከጋሻው ጎን ይሰቀል። ያላችሁ አምጡ፤ አዲስ ገዝታችሁ ግን አይሆንም፣ እጀታው ያለቀውን ነው የምንፈልገው።